ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃን፦ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት

ፋራሳን ደሴት ላይ በቤት ሥራ የምትተዳደር አንዲት እህታችን ሰሞኑን በድምፅ መልእክት አንድ ጥያቄ ላከችልን። ጥያቄው የእሷ ሳይሆን የወንድሟ ነው። ወንድሟ ጎንደር ሕክምና ተምሮ ጨርሷል፤ አሁን የሚቀረው የሙያ ፈቃድ ፈተና ነው። ማታ የቤቱ ሥራ ካለቀና ልጆቹ ከተኙ በኋላ እሷ ጥያቄውን ከስልኳ እያነበበች ታሰማዋለች፤ እሱ ከወዲያ መልሱን ይነግራታል። እንግሊዝኛው ቢከብዳትም አትተወውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ከደመወዟ እየቆረጠች ያስተማረችው እሷ ናትና ፈተናው የእሷም ነው።

ያከራከራቸው ጥያቄ እንዲህ ይላል። የ26 ዓመት ሴት ናት። ከአገሯ ወደ ጂዛን ከመጣች ሁለት ወር ሆኗታል። ለአንድ ሳምንት አንድ ቀን እየዘለለ የሚመጣ ትኩሳት አላት፤ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ከዚያ ያልባታል። ደሟ ሲመረመር ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ተገኘ። የመጀመሪያውን መድኃኒት ጀምራለች። ጉበት ውስጥ የተደበቀውን ወባ ለማጥፋት ቀጥሎ ምን ይደረግ? አራት ምርጫዎች አሉ። ወንድሟ ሀን መረጠ፤ ፕሪማኪን የተባለውን መድኃኒት ወዲያው መስጠት የሚለውን። መጽሐፉ ግን ተሳስተሃል አለው። የእህታችን ጥያቄ ይህ ነው፦ በሽታውን ካወቀ፣ መድኃኒቱንም ካወቀ፣ እንዴት ይሳሳታል?

እኔ ተርጓሚ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ መልሱን ከሚያውቁ ጠይቄ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ጥያቄውን ስሰማ ግን ወዲያው ትዝ ያሉኝ እንደ ወንድሟ ጎንደር የተወለዱ፣ ይህን የመሰለ ፈተና ከ130 ዓመት በፊት በሰው አገር የተፈተኑ ሰው ናቸው። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚባሉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ።

ከፋራሳን ምዕራባዊ ዳርቻ ቆሞ ባሕሩን የሚያይ ሰው ከማዶ አይታየው እንጂ የዳህላክ ደሴቶችና ምፅዋ አሉ። ከምፅዋ ትንሽ ወደ ደቡብ ዙላ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1868) የጄኔራል ናፒር ጦር ከሕንድ ተጭኖ የወረደው እዚያ ነው። 44 ዝሆኖች ይዞ መጣ፤ ከባሕሩ ወደ ውስጥ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን አስፈትቶ ሲመለስ ብዙ ነገር ይዞ ሄደ፤ የብራና መጻሕፍት፣ ዘውድ፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት። የንጉሡን ልጅ ልዑል ዓለማየሁንም ወሰደ። የዓለማየሁን ታሪክ አብዛኞቻችን እናውቀዋለን፤ በወጣትነቱ እንግሊዝ አገር ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ከዚያው ከመቅደላ የተወሰደውን የሌላውን ሕፃን ታሪክ የሚያውቁት ግን ያነሱ ናቸው።

ሕፃኑ ወርቅነህ ነው። በጥቅምት 1857 ዓ.ም. ጎንደር ተወለደ። አባቱ ነጋድራስ እሸቴ ወልደማርያም፣ እናቱ ወይዘሮ ደስታ ይባላሉ። ቤተሰቡ ንጉሡ ወደ መቅደላ ካጓዟቸው መካከል ነበር። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ በዚያ ግርግር ልጁ ከወላጆቹ ተለየ። ዕድሜው ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን አግኝቶ ይዞት ሄደ። መኮንኑ ልጁን ያነሣው አዝኖለት ነው ይባላል፤ ይሆናል። የሰው ልጅ በመርከብ ተጭኖ መሄዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስለ ዘመቻው ከጻፉት ብዙዎቹ ይህን ነገር ነካ አድርገው ያልፉታል።

ሕንድ ሲደርስ በሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ። ቻምበርሌን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ተቀበለ። የልጁም ስም ከሁለቱ ተውጣጥቶ ቻርልስ ማርቲን ሆነ። ወርቅነህ የሚለውን የሚጠራ ሰው አልነበረም። አማርኛውም በዚያው ጠፋ፤ የሚያናግረው ሰው ያጣ የሦስት ዓመት ልጅ ቋንቋው ከአፉ ለመጥፋት ጊዜ አይፈጅበትም። በምትኩ እንግሊዝኛና ሂንዱስታኒ ተናጋሪ ሆነ። ትምህርት ላይ ግን ብርቱ ነበር። ላሆር ከተማ ሕክምና ኮሌጅ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1882፣ ገና 18 ዓመት ሳይሞላው ተመረቀ።

ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ።

ከላሆር የተመረቀ ሐኪም በእንግሊዝ አስተዳደር ውስጥ ረዳት ነበር። ሙሉ ሐኪም ሆኖ በእንግሊዝ የሐኪሞች መዝገብ ላይ ለመስፈር በብሪታንያ ፈቃድ ሰጪ ተቋም ፊት መፈተን ያስፈልጋል። ይህ የመዝገብ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1858 ሲሆን በ1886 ደግሞ ጠብቋል፤ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምናና በማዋለድ በሦስቱም መፈተን ግዴታው ሆነ። ወርቅነህ ጥቂት ዓመት በርማ ካገለገሉ በኋላ ወደ ስኮትላንድ ተሻገሩ። ኤድንብራ ሄደው ተማሩ፤ ተፈተኑ፤ ፈቃዱንም ያዙ። ዕድሜያቸው ወደ 26 ነው። ልብ በሉ፣ በጥያቄው ውስጥ ካለችው ሴት ጋር እኩያ ናቸው።

የዚያ ዘመን ፈተና የጽሑፍና የቃል ክፍል አለው፤ ሰዎች የሚፈሩት ግን አልጋው ዳር የሚደረገውን ነው። ተፈታኙን ወደ አንድ በሽተኛ ያቀርቡታል። የማያውቀው ሰው ነው። ይጠይቀዋል፣ ይዳስሰዋል፣ ደረቱን ያዳምጣል። ከዚያ ፈታኞቹ ምን አየህ፣ ምን መሰለህ፣ ለምን ሌላው በሽታ አይሆንም፣ ቀጥሎ ምን ታደርጋለህ እያሉ ያፋጥጡታል። ዛሬ በኮምፒውተር የሚመጣው የበሽተኛ ታሪክ ያለበት ጥያቄ የዚህ የአልጋ ዳር ፈተና ልጅ ነው። በሽተኛው በወረቀት ላይ ስለሆነ መጠየቅ አይቻልም እንጂ አስተሳሰቡ አንድ ነው። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የመጣበት አገር፣ በሽታው የጀመረበት ቀን፣ ያለው ምልክትና የሌለው ምልክት፤ በጥያቄው ውስጥ በከንቱ የተጻፈ ቃል ብዙ ጊዜ የለም።

ዐረብኛ የተማርኩ ስለሆነ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ ይከብደኛል። ሐኪም ሁሉ ይፈተን የሚል ትእዛዝ ባግዳድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ931 ነው። አንድ ሰው በሐኪም ስህተት ሞተ ተብሎ ለኸሊፋው አል ሙቅተዲር ተነገረ። ኸሊፋው ሲናን ኢብን ሳቢትን ሾሞ ከታወቁት በቀር የከተማዋን ሐኪሞች እንዲፈትን አዘዘ። ከ860 በላይ ሰዎች ቀረቡ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ለሲናን ገንዘብ አቅርቦ ማንበብና መጻፍ እንደማይችል፣ ቤተሰቡ ግን በዚህ ሥራ እንደሚኖር ነገረው ይላሉ ዐረብ ጸሐፊዎች። ሲናን የማያውቀውን በሽታ እንዳይነካ፣ ደም እንዳያፈስና ጠንከር ያለ የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንዳይሰጥ አስጠንቅቆ ተወው። በማግስቱ አንድ ወጣት መጣ። የት ተማርክ ቢሉት ከአባቴ አለ። አባቱ ያ ሽማግሌ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የሞተው አል ራዚም ለዚሁ ጉዳይ ቅርብ ነው። አል ሐዊ በተባለው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥ ያከማቸው የራሱ የበሽተኞች ማስታወሻ አለ። አንዱ ስለ ዐብደላህ ኢብን ሰዋዳ ነው። ሰውየው ትኩሳት ነበረበት፤ አንዳንዴ በየቀኑ፣ አንዳንዴ ቀን እየዘለለ፣ አንዳንዴም በስድስት ቀን ይመጣል። ቀድሞ ትንሽ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሽንቱንም ቶሎ ቶሎ ይሸናል። አል ራዚ ሁለት ነገር ጠረጠረ፦ ወይ በየአራተኛው ቀን ወደሚመጣው ትኩሳት ይዞራል፣ ወይ ኩላሊቱ መግል ቋጥሯል። ብዙ ሳይቆይ ሰውየው መግል ሸና። ትኩሳቱ ከእንግዲህ አይመለስም አለው፤ አልተመለሰም። ደስ የሚለኝ ቀጥሎ የጻፈው ነው። ቀድሞ እርግጠኛ ያልሆነበትን ምክንያት ይዘረዝራል። ሰውየው ቀደም ሲል ተራ ትኩሳት ይይዘው ነበር፤ ሲነሣ ወገቡ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ያለ ያህል እንደሚከብደው ደግሞ አልተናገረም። እሱም ሳይጠይቀው ቀረ። ይህን ጥፋት በራሱ ላይ የጻፈ ትልቅ ሐኪም ነው።

ወደ ሰውያችን እንመለስ። ፈቃዳቸውን ይዘው ወደ በርማ ተመለሱ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኑ። ደመወዝም ማዕረግም ነበራቸው። የዐድዋ ድል ወሬ የደረሳቸው እዚያ ነው። ኢትዮጵያ የተባለች አገር አውሮፓዊ ጦር ድል አድርጋለች ተባለ፤ ያቺ አገር ደግሞ የራሳቸው ናት፤ ቋንቋዋን ግን አያውቁም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈቃድ ወስደው፣ መድኃኒታቸውን ጭነው፣ በዐደንና በዘይላ በኩል ወደ አዲስ አበባ ገቡ።

ዐፄ ምኒልክ ተቀበሏቸው። ድንኳን ተተከለና ሕመምተኛ ማየት ጀመሩ። ሕዝቡ ጎረፈ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ይህ ድንኳን ነው። መልካቸው እንደ ሕመምተኛው ነው፤ ጎንደሬ ናቸው፤ አንዲት ሴት መጥታ ምን እንደሚያማት ስትነግራቸው ግን በአስተርጓሚ ነው የሚሰሙት። ኤድንብራ የተማሩት አጠያየቅ ሁሉ በሌላ ሰው አፍ ማለፍ ነበረበት።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኛ እዚህ ያለን እናውቀዋለን። ከዓመታት በፊት በደቡቡ ድንበር አካባቢ ካለች ከተማ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ለአንዲት እህት አስተርጉሜ ነበር። ምች መታኝ አለች። እኔ ፈጠን ብዬ ለሐኪሙ ደርበት ሸምስ አልኩት፤ ፀሐይ መታት ማለት ነው። ውሃ ጠጪ፣ ጥላ ውስጥ አረፍ በይ ብሎ ሸኛት። ምች ማለት ፀሐይ ብቻ እንዳልሆነ፣ እናቶቻችን ትኩሳቱንም ራስ ምታቱንም የከንፈር ቁስሉንም ምች እንደሚሉ እያወቅሁ ነው። ትኩሳቱ መቼ ጀመረሽ፣ ይመላለሳል ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ሐኪሙም የጠየቀው እኔ በሰጠሁት ቃል ላይ ተመሥርቶ ነው። ከአራት ቀን በኋላ ሌላ ቦታ ደሟ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። ዳነች። ከዚያ ወዲህ ምች፣ ውጋት፣ መጋኛ የሚሉትን ቃላት አልተረጉምም፤ ምን ምን እንደሚሰማት አንድ በአንድ አስነግሬ እሱን ነው የማስተላልፈው። ሆድ ባሰኝ የምትለዋ እህትማ ጨጓራዋን ሳይሆን ኑሮዋን እያወራች ነው።

ዶክተር ማርቲን አዲስ አበባ ሳሉ የሆነውን ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ሰው ይተርከዋል። ከመቅደላ ተወስዶ የነበረ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ ተዳረሰ። አንዲት አሮጊት መጡና ልጁ የእኔ የልጅ ልጅ ነው አሉ። የልጅ ልጄ ሰውነቱ ላይ እንዲህ ያለ ጠባሳ አለው ብለው ቦታውን ተናገሩ። ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው ሲያሳዩ ጠባሳው አሮጊቷ ባሉት ቦታ ላይ ተገኘ። ስማቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ከ30 ዓመት በላይ ቻርልስ ማርቲን ሲባሉ የኖሩት ሰው ወርቅነህ እሸቴ መሆናቸውን ከአያታቸው ሰሙ። ምን እንደተባባሉ ለመረዳት አስተርጓሚ አስፈልጓቸው ነበር።

የተሰጣቸው ጊዜ ሲያልቅ ወደ በርማ መመለስ ግድ ሆነባቸው፤ የመንግሥት ተቀጣሪ ናቸው። ኮንትራት የያዘው ሰው አገሩን አግኝቶም አይቀርባትም። በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) የአዲስ አበባው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደገና መጡ፤ የታመሙትን ዐፄ ምኒልክንም ካከሙት መካከል ነበሩ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አገቡ፤ ብዙ ልጆች ወለዱ። ጠቅልለው አገራቸው የገቡት ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ያኔ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ከዚያ በኋላ የሠሩት የሦስት ሰው ሥራ ነው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት አስተዳደሩ። ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲቋቋም አደረጉ። በሰው ቤት ለሚያገለግሉ፣ ደመወዝ ለማያውቁ ልጆች ፊደልና ሙያ ማስተማር በዚያ ዘመን ብዙ መኳንንት ያልወደዱት ሥራ ነበር። መንገድ አሠሩ፣ ዳኛ ሆኑ፣ ስለ ጣና ግድብ ለመነጋገር አሜሪካ ተላኩ፣ ጨርጨርን ገዙ። አማርኛውንም እንደ ባዕድ ቋንቋ ቁጭ ብለው ተማሩት፤ ኋላ በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ እስከ ማዘጋጀት ደረሱ።

ጣሊያን ሲወረን ለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ያሳደጓቸውን ሰዎች መንግሥት ስለ አገራቸው ይለምኑ፣ ይከራከሩ ነበር። ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም እንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ፤ ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ተሰለፉ። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በሆነው ጭፍጨፋ ሁለቱም ተገደሉ። አባታቸው ይህን የሰሙት በስደት እያሉ ነው። በሰው አገር ሆኖ መርዶ መስማት ምን እንደሆነ እዚህ ለሚያነብ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከነጻነት በኋላ ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 88 ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ ዐረፉ። በተወለዱባት በጎንደር የጤና ባለሙያ የሚያሠለጥነው ኮሌጅ የተከፈተው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. ነው። የእህታችን ወንድም የተማረው ከዚያ ኮሌጅ በበቀለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። ወንድምሽ በሽታውን አልሳተም፤ መድኃኒቱንም አልሳተም። ቫይቫክስ የተባለው ወባ ከደም ቢጠፋም ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሣል፤ ያን የሚያጠፋው ፕሪማኪን ነው። የሳተው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ነው፤ ሴት፣ 26 ዓመት። ነፍሰ ጡር ልትሆን ትችላለች፤ ፕሪማኪን ደግሞ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ሌላም አለ። ጂ ሲክስ ፒ ዲ የሚባል ቀይ የደም ሴልን የሚጠብቅ ንጥረ ነገር አለ። በተፈጥሮ ያነሰባቸው ሰዎች ይህን መድኃኒት ሲወስዱ ደማቸው ሊፈራርስ ይችላል። ይህ እጥረት ወባ በኖረባቸው አገሮች የተለመደ ነው፤ ጂዛን ውስጥም አለ። ጥያቄው ቀጥሎ ምን ይደረግ አለ እንጂ መድኃኒቱ የትኛው ነው አላለም። ስለዚህ መጀመሪያ የእርግዝናና የጂ ሲክስ ፒ ዲ ምርመራ፣ ከዚያ መድኃኒቱ።

መልሱ ሐ ነው። ለወንድምሽ ዛሬ ማታ ስትደውይ ንገሪው።